ያልተነካ ጉልበት

«ምን ነካህ?» የሚለውን ጥያቄ የፈጠረውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር። ሰው የሚታመመው የግድ አንድ ነገር ሲነካው ነው ያለው ማነው? ይህን የምጽፈው ከብስጭት የተነሣ ነው ብትሉኝ አልክድም። ለብስጭቴ ብቻ ግን አይደለም። በየዓመቱ ገና ባለፈ ማግስት አንድ ሁለት ጎረምሳ እያነከሰ ደጄ ይመጣል። «ጋሼ፣ አንተም እንዲህ ሆነህ ነበር አሉ» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከሥር ከመሠረቱ ስተርክለት ምላሴ ዛለ። እንግዲህ ማንበብ የሚችል ያንብበው፤ የማይችልም ያስነብበው።

ነገሩ የደረሰብኝ እዚሁ አዳማ ነው። ባቡሩ ከመጣ ብዙ ዓመት አልሆነውም፤ ከተማውም ከጣቢያው ግራና ቀኝ ከተበተኑት ቤቶችና ከገበያው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። እኔ ሐጂ ይመር ለሚባሉ የወሎ ነጋዴ ተቀጥሬ በቅሎ እነዳ ነበር። ከአገራቸው የሚያስመጡትን አሞሌ ጨውና ከባቡር የሚወርደውን አቡጀዲ ጭኜ አዋሽን ተሻግሬ ወደ ደራ እወጣለሁ፤ አንዳንዴም እስከ አቦምሳ እዘልቃለሁ፤ ስመለስ እህልና ቆዳ ይዤ እወርዳለሁ። ርስት የለኝም፣ ከብት የለኝም፤ ያለኝ ጉልበት ብቻ ነበር። አማርኛችን ለእግር መታጠፊያና ለብርታት አንድ ስም መስጠቱ ያኔ አያስገርመኝም ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።

ሌላም ነገር ነበረኝ፤ እጮኛ። ዲንቄ ትባላለች። የጓደኛዬ የጉታ እህት ናት። ጉታና እኔ አብረን በቅሎ ስንነዳ የተዋወቅን፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው «ይማርህ» ለማለት የሚሽቀዳደም ዓይነት ጓደኞች ነበርን። አባቴ ስለሞተ ሽማግሌ የላከልኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ኃይሉ ነው። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ።

ጥር ሳይደርስ ገና ደረሰ። አዳማ ላይ ገና የሚጫወቱት የጣቢያ ወገንና የገበያ ወገን ናቸው፤ እኔ ከጣቢያ፣ ጉታ ከገበያ። ድሮ ያለው ሁሉ ገናውን፣ ማለት ቆልማማውን ዱላ፣ እየያዘ ይገባ ስለነበር ብዙ ራስ ተፈነከተ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ከእንግዲህ ሰባት ለሰባት ይሁን» ብለው ወሰኑ። ሜዳው ያው ሰፊው ሜዳ ነው፤ ሰው ግን አነሰ። ዱላው ቀነሰ፤ ሩጫው በዛ። ራስ መፈንከት ቀረና ጉልበት መበጠስ መጣ። ይህን ግን በጊዜው ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ሁላችንም ዝለናል። ጥንጓን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ እየነዳሁ ወደ ገበያዎቹ ግብ እሮጣለሁ። ጉታ ከኋላዬ አምስት ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ ይከተለኛል፤ ሲያለከልክ ይሰማኛል። ጥንጓ ድንጋይ መትታ ወደ ግራ ታጠፈች። እኔም ልከተላት ቀኝ እግሬን ተከልኩና ዞርኩ። እግሬ እዚያው ተተክሎ ቀረ፤ እኔ ግን ዞርኩ። ከጉልበቴ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ አቧራ ላይ ነበርኩ።

«ምን ነካህ?» አለ መጀመሪያ የደረሰው።

«ምንም።»

«ማን ነካህ?»

«ማንም አልነካኝም።»

ይህችን ቃል ባልናገር ኖሮ ዓመቱ ሌላ በሆነ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን የማያውቅ የለም። በገና የተመታ አይከስስም፣ አይቀየምም፤ ጌታ በሎሌው ቢመታ እንኳ ዋጥ አድርጎ ዝም ነው። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ወድቆ «ማንም አልነካኝም» ሲል የሰማው ሁሉ «አቤት ጨዋነት! የመታውን አይናገርም» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ እውነቱን ስናገር ደንብ ያከበርኩ መሰላቸው። በካድኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑ። ደግሞም ከአቧራው ውስጥ ከእኔ ጋር የታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጉታ።

ቤት ስደርስ ጉልበቴ ቅል አክሏል። ወንድሜ ኦቦ ቱሉን ጠራልኝ። ኦቦ ቱሉ ለአጥንት የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው በቃሬዛ ያመጡላቸዋል። ዳበሱ፣ አጠፉ፣ ዘረጉ። እኔ ጮኽኩ።

«ልጄ፣ ወለምታ ነው እንዳልል እብጠቱ በዛ፤ ስብራት ነው እንዳልል አጥንቱ ሙሉ ነው» አሉኝ። «የተመታበትን ቦታ ብታሳየኝ በቀለለን።»

«አልተመታሁም፣ ኦቦ። ስዞር ነው።»

«ሰው በመዞር ይህን ያህል አያብጥም።» ወደ ወንድሜ ዘወር አሉና «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉት።

ጥርሴን ነከስኩ። ኦቦ ቱሉን አልወቅሳቸውም፤ እጃቸው ቅን ነበር፤ ለስብራት ቢሆን ያድኑኝ ነበር። ግን ለተመታ ጉልበት የሚደረገውን ሁሉ አደረጉልኝ። በቅቤ አሹኝ፤ በቀርከሃ ጠፍረው አርባ ቀን አስተኙኝ። በአርባኛው ቀን ሲፈቱኝ እብጠቱ ጠፍቷል፤ ጭኔም አብሮ ጠፍቷል። ቀኝ እግሬ የሌላ ሰው፣ የአንድ ቀጭን ሽማግሌ እግር መሰለኝ። «ድኗል!» ተባለ፤ እልል ተባለ። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ሰው ጠርቶኝ ዘወር ስል ጉልበቴ ከሥሬ ሸሸ፤ ወደቅሁ። ሕመም እንኳ ይህ ነው የሚባል አልነበረውም። መከዳት ነው የተሰማኝ።

ለጥር የተቆረጠው የሠርግ ቀን አለፈ፤ «ከፋሲካ በኋላ» ተባለ። ወንድሜ ደግሞ ለብቻው መንተክተክ ጀመረ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል የሚባለው?» አልኩት አንድ ቀን፤ ተመትቼ እንኳ ቢሆን ይተወው ብዬ።

«አይቆጡም የተባለው ጌታ ነው» አለኝ። «እኔ ጌታ አይደለሁም፤ እቆጣለሁ። ከኋላ ጉልበትህን መትቶህ አማች ሊሆነን!»

«ጋሼ፣ ጉታ አልነካኝም።»

«እሱን ላለማስቀየም ነው።»

«አይደለም!»

«ስለ ልጅቱ ብለህ ነው።»

ከግድግዳ ጋር መነጋገር ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ «ገብቶኛል» አይልም።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደግሞ ሌላ መንገድ አገኙ። «ምንም አልነካኝም ይላል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲያማ ስሙ የማይጠራው ነው የነካው።» ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው ጉልበቴ ላይ አሰሩልኝ። ለአንድ ሳምንት የሄድኩበት ሁሉ ወጥ ወጥ ሸተተ።

ቀጥሎ ሶደሬ ፍል ውሃ ተላክሁ። እዚያ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ከዛፎቹ ሥር ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው የማንን ስንቅ እንደሚነጥቁ ይመርጣሉ። ሥራ የፈታ ሕመምተኛ ደግሞ የሌላውን በሽታ ካልጠየቀ አይሆንለትም። «አንተስ ምን ነካህ?» «አንተስ ምን ነካህ?» አንዱ ሲበቃው ሌላው ይቀበላል። በሦስተኛው ቀን «ባቡር ገጨኝ» ብዬ ዋሸሁ። ሁሉም ወዲያው አመኑኝ፤ አዘኑልኝም። ያን ጊዜ እንባ ነው የመጣብኝ፤ ውሸቴ እንዲህ በቀላሉ ሲታመን።

አንዲት የአርሲ ባልቴት ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ዘወር ብለው በኦሮምኛ «ማል ታቴ?» አሉኝ። ምን ሆንክ፣ ማለታቸው ነው። ማን ነካህ አላሉኝም፣ ምን ነካህም አላሉኝም። ሆንክ ነው ያሉኝ። ለካ አማርኛችንም ይህ ጥያቄ አለው፤ የሚያነሣው ሰው ጠፍቶ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዞሬን፣ ድምፁን፣ ጉልበቴ የሚከዳኝን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «የት ድረስ ያስኬድሃል?» ብለው ጠየቁኝና ከቂጣቸው ቆርሰው ሰጡኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቂጣ የጣፈጠኝ ምግብ አላስታውስም።

ፍል ውሃው አላዳነኝም፤ ድፍረት ግን ሰጠኝ። ሜዳ ለሜዳ መሄድ ችዬ ስለነበር በቅሎዎቹን ይዤ ወደ ደራ ወጣሁ። ዳገቱን በሰላም ወጣሁት። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ አንዷ በቅሎ ልታፈነግጥ ስትል ልመልሳት ፈጥኜ ዞርኩ። ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ ወደቅሁ፤ በቅሎዋ ደነገጠች፤ የጫነችው እህል ገደል ተበተነ። ሐጂ ይመር ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ በቅሎውን ሌላ ይንዳው» አሉኝ። «አንተ መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ በልና ጨው ሽጥልኝ። ጉልበትህ ሲመለስ ትመለሳለህ።»

«አይ ሐጂ፣ ባይመለስስ?»

«አላህ ያውቃል።»

ማታ ማታ በግራ ጎኔ ተኝቼ ይህችን አላህ ያውቃልን አስብ ነበር። በበቅሎ ነጂነቴ ነው ዲንቄ የተሰጠችኝ። አንካሳ ጨው ሻጭ ሆኜ ምን ብዬ አገባታለሁ?

ፋሲካ ሲቃረብ ወንድሜ ሽማግሌ ሰበሰበ። ገበያው ዳር ያለችው ግራር ሥር የእኛም የእነ ጉታም ወገን ተቀመጠ። ወንድሜ «ሰው ያለ ምክንያት አይወድቅም፤ የመታው ይመን፣ ካልሆነ እጮኝነቱ ይፍረስ» አለ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ ለመቶኛ ጊዜ «ማንም አልነካኝም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እሱስ ጨዋ ነው» ዓይነት አነቃነቅ። በዚህ መካከል ጉታ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለ። «በገናዬ ጫፍ ከኋላ ነካሁት። አስቤ አይደለም። አንዲት ጊደር እክሳለሁ።»

ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ሁሉም እፎይ አለ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ዝም ብል ሠርጉ ይሆናል። ወንድሜ ይበርዳል። ማንም ዳግመኛ «ምን ነካህ» አይለኝም፤ መልሱ ተገኝቷላ። ከዚያ የጉታን ፊት አየሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ከኋላ የሚመታው ጉታ» ሊባል ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

«ዋሽቷል» አልኩ።

«ያመነውን ሰው ዋሸ ትላለህ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። የሚክድን ሰው ዋሸ ማለት ያለ ነው፤ ያመነን ሰው ዋሸ ማለት ግን በሕይወታቸው አልገጠማቸውም።

«ስድስት እርምጃ ርቆ ነበር። እጁ ካልረዘመ በቀር አይደርስብኝም። ጊደሯን አልቀበልም።»

ረብሻው ሌላ ነው። የጉታ አባት «ልጄ ራሱን አዋርዶ ያቀረበውን ካሳ ናቀ» ብለው ተነሡ። ወንድሜ ጉልበቴን አልፎ ራሴም የተመታ መሰለው። ስንበተን ጉታ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ።

«ለአንተና ለእህቴ ብዬ እኮ ነው! ሊያልቅ ነበር! አንተ ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካኝም!» ብዬ ጮኽኩበት። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጉታ ለቀቀኝና ሄደ። ብዙ ወር አልተነጋገርንም። እጮኝነቱም ያን ዕለት እንደ ፈረሰ ተቆጠረ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐጂ ይመር የሐኪሙን ሐሳብ ያመጡት። አንድ ግሪክ ሐኪም አልፎ አልፎ በባቡር ይመጣና ጣቢያው አጠገብ በተከራያት ክፍል ሕመምተኛ ያያል። ሁለት ቀን ሙሉ ደጁ ላይ ተሰልፌ ዋልኩ። ወባ የሚያንዘፈዝፈው፣ ዓይኑ የታመመ፣ ጥርሱን ይዞ የሚያቃስት፣ ሁሉም ከእኔ በፊት። በመጨረሻ ገባሁ። አስተርጓሚው ሸምገል ያለ ኩሩ ሰውዬ ነው።

«ምን ነካህ?» አለኝ።

ከልማድ ብዛት «ምንም አልነካኝም» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደ ሐኪሙ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ኋላ እንደ ተረዳሁት «ይህ ሰው ምንም አላመመውም» ብሎታል። ሐኪሙ ፊቴን አየ፤ መክሳቴን አየ፤ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጥቶ አሰናበተኝ። ደጅ ወጥቼ ያን መራራ ነገር እያላመጥኩ ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀብኝ። ቃሏ ፈረንጅ ቤት ድረስ ተከትላኝ ሄደች!

ሐኪሙ እስኪመለስ አንድ ወር ጠበቅሁ። በሁለተኛው ጊዜ አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን ዘረጋሁለት። ሐኪሙ ቀጭኑን ሲያይ መነጽሩን አስተካከለ። አጋደመኝ፤ ጉልበቴን አጠፈው፤ እግሬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ቅልጥሜን በሁለት እጁ ወደ ፊት ሳበው። አጥንቱ የሣጥን መሳቢያ ይመስል ተንሸራቶ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ግራውን ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አስተርጓሚውን ሳይጠብቅ በሰባራ አማርኛው «አንተ ሩጫ። አንተ ዞር። ሰው አልነካ» አለኝ።

አለቀስኩ። አላፈርኩም፣ አሁንም አላፍርም። ሆዴን የበላኝ ነገር የጉልበቴ ሕመም አልነበረም፤ ለካ ያ አንድ ቃል ነው የናፈቀኝ።

ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል አስረዳኝ። ጉልበት ውስጥ መሐል ለመሐል የላይኛውን አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያስር ጅማት አለ። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ጅማቱ ይጠመዘዛል፤ ሰውዬው ደክሞት ከሆነ፣ እግሩም ቀጥ ብሎ ከተተከለ ይበጠሳል። ዱላም ጠላትም አያስፈልገውም። በእሱም አገር ኳስ የሚያባርሩ ወጣቶች እንዲህ ይሆናሉ። የተበጠሰው አይመለስም፤ ጭንን ግን ማጠንከር ይቻላል፤ ጭን ከጠነከረ የጅማቱን ሥራ ይረከባል። «ማሰር አይደለም» አለ፤ «ማሠራት ነው።» እግሬ ላይ ክብደት አስሬ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጬ፣ ቀስ እያልኩ እንድዘረጋና እንድመልስ አሳየኝ።

እየበረርኩ ለወንድሜ ነገርኩት፤ ማለቴ እያነከስኩ። «ፈረንጅ ስለ ገና ምን ያውቃል?» አለኝ።

እንግዲህ ብቻዬን ቀረሁ፤ እኔና አሞሌዬ። መጋዘኑ ውስጥ ከጨው ሌላ ክብደት የለም። አንድ አሞሌ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩ፤ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እዘረጋለሁ፣ እመልሳለሁ። ጧትም ማታም። ቤት ሳደርገው ደግሞ የእትዬ ብርቄ ጥጃ እየመጣች ትልሰዋለች፤ በአንድ ሳምንት አሞሌው ቀለለብኝ። የበረታሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ጥጃዋ ናት። በሁለተኛው ወር ጭኔ ላይ ሥጋ መታየት ጀመረ። በአራተኛው ወር የመጋዘኑን ደረጃ ያለ ዱላ ወጣሁ። የማላውቀው ነገር ቢኖር ለማን ብዬ እንደምድን ነው።

አንድ ቀን ዲንቄ ጨው ልትገዛ መጣች። ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ገበያተኛው እስኪወጣ ጠበቀችና እግሬን በአገጯ አመለከተች።

«ያንን አሞሌ ትሸጠዋለህ?»

«ጥጃ ልሳዋለች።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና «ጊደሯን ተቀብለህ ቢሆን አላገባህም ነበር» አለችኝ። «ወንድሜ ውሸት እንደ ተናገረ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ነው ወደ ሽምግልናው የሄደው።»

«አሁንስ ታገቢኛለሽ?»

«ወንድምህን ጠይቅ» ብላ ጨውዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ጨው ትገዛ ነበር። የእነሱ ቤት ሰው ጨው እንደሚወድ ሐጂ ይመር እንኳ አስተውለው ነበር።

ወንድሜን ጠየቅሁ። አንዴ አይደለም። «ጉታ አደባባይ ወጥቶ እንደ መታህ አምኗል፤ አንተ ነህ የካድከው» ነው መልሱ። ጉታ ያችን ውሸት የተናገራት ሊያስታርቀን ነበር፤ አሁን እንደ ግንብ መሐላችን ቆመች።

ገና ዞሮ መጣ። እኔ መጫወት ስለማልችል በእኔ ቦታ ጋሼ ኃይሉ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሩጫ ከተወ ቆይቷል፤ ያስገባው ጨዋታው ሳይሆን ጉታ ነው። እንዳይገባ ነገርኩት። «ስትዞር እግርህን አትትከል፤ በትናንሹ እየረገጥክ፣ ጉልበትህን ሸብረክ አድርገህ ዙር፤ ሲደክምህ ደግሞ ውጣ» አልኩት። እናንተም ይህን የምታነቡ ተጫዋቾች ይህችን ያዙልኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ አልቀየምም። እሱ ግን «መዞር ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፤ አቧራው አልተነሣም። ሰው ሁሉ ጥርት አድርጎ ያያል። ጉታ ጥንጓን ይዞ ይሮጣል፤ ወንድሜ ይከተለዋል። ጉታ ወደ ቀኝ ታጠፈና ጀርባውን ሰጥቶ ራቀ። ወንድሜ ሊታጠፍ እግሩን ተከለ። ዞረ። ድምፁን ከተቀመጥኩበት ሰማሁት፤ የራሴ ጉልበት ነው መልሶ የጮኸው። ወደቀ። በዙሪያው ሰው የሚባል አልነበረም፤ ጥላ እንኳ ከራሱ በቀር አልነበረም።

ሁሉም ተንጋጋ። «ምን ነካህ? ማን ነካህ?» እኔም ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩ፤ ያለ ዱላ። ስደርስ በሁለቱም ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ከዓመት በኋላ መንበርከኬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩትም።

«ጋሼ» አልኩት፤ «ምን ሆንክ?»

ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ኋላውን አየ። ሰው ይፈልጋል። ጉታ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ገናውን መሬት ላይ ጥሎታል።

«ዞርኩ» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «ብቻዬን ዞርኩ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ጉታን ጠራሁት። መጣ። እሱ በግራ እኔ በቀኝ ወንድሜን ደግፈን ወደ ቤት ወሰድነው። መንገድ ላይ እትዬ ብርቄ ከደጃቸው ብቅ ብለው «ኧረ ምን ነካው?» አሉ።

«ማንም አልነካኝም!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

«ጎበዝ!» አለ ከኋላችን የሚከተል አንድ ሰው። «የመታውን አይናገርም።»

ወንድሜ ጥርሱን ሲነክስ ሰማሁ። ጥቂት እርምጃ አነከሰ። ከዚያ አንገቱን ወደ ግራ ዘወር አደረገ።

«ጉታ» አለ፤ «ያች ጊደር አለች?»

«አለች፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ለሠርጉ ትሁን።»